በኮሮና መሀል አዛውንትና ሕፃን ይዘን ተራራ ሆቴል ገባን፦ ከብሬከንሪጅ ቆይታችን

የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ፣ ኩላሊት ያስቀየረ ወይም ሳንባው የደከመ ሰው ቤታቸው ያለ ጓደኞቼ አሁንም ድረስ ይጠይቁኛል። «ያኔ በኮሮና መሀል አማትሽን ይዛችሁ ተራራ ሆቴል ገብታችሁ አልነበር? እንዴት ደፈራችሁ? እንዴትስ አደረጋችሁት?» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማወራ አንዴ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው። ኮሮና እንደዚያን ጊዜ አያስፈራም፤ ለደካማ ሰው ግን እሱም፣ ኢንፍሉዌንዛውም፣ አርኤስቪ የሚባለው የሳንባ ቫይረስም እንዳሉ ናቸው። ያኔ ያደረግነው አብዛኛው ነገር ዛሬም ይሠራል።

የምንኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። እኔ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምሠራው፤ 2020 እዚያ ምን እንደሚመስል አሁን አልገባበትም። ባለቤቴ ከዴንቨር ኤርፖርት ሰው ያመላልስ ነበር፤ አውሮፕላኑ ባዶ ሲሆን የእሱም ሥራ ባዶ ሆነ። አማቴ፣ እኛ እማማ ነው የምንላቸው፣ አዲሱን ሕፃን ሊያዩ ከጥምቀት በኋላ መጥተው፣ ለፋሲካ እመለሳለሁ ሲሉ በሽታው ተነሣና ቆይታቸውን አስራዘምንላቸው። የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው። ሰባ ካለፋቸው ቆይቷል፣ ስኳርም አለባቸው። ያን ዓመት ሙሉ ከአፓርታማችን በር ወጥተው የሚያውቁት ክሊኒክና መኪና ማቆሚያው ድረስ ነው። ቤተ ክርስቲያን እንኳ በስልክ ነበር። መጀመሪያ እንቅልፍ፣ ቀጥሎ ምግብ፣ በመጨረሻም ወሬ ቀነሰባቸው። ወሬ የቀነሰ አዛውንት ምን ማለት እንደሆነ በሥራዬ ስለማውቅ ያ ነው ያስደነገጠኝ።

ኮሎራዶ ከ70 ዓመት በላይ ላሉ ሰዎች ክትባቱን የከፈተው በ2020 መጨረሻ ላይ ነው። ጃንዩዋሪ ላይ እማማ የመጀመሪያውን ወሰዱ፤ የመኖሪያ ፈቃድ የጠየቃቸው የለም። እኔ ከመንከባከቢያ ሠራተኞች ጋር ቀድሜ ወስጄ ነበር። ሁለተኛውን ወስደው ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ፣ የካቲት መገባደጃ ላይ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ የባለቤቴ እህትና እኛ ተዋጣንና ብሬከንሪጅ በምትባለው የተራራ የበረዶ ሸርተቴ ከተማ ስዊት፣ ማለትም ሰፋ ያለ የሆቴል ክፍል፣ ያዝን። በደህናው ጊዜ ቢሆን የማንሞክረው ዋጋ ነው። ያኔ ግን በሳምንቱ መሀል ሰው ስለሌለ ወርዶ ነበር፤ ልጆቹም በዙም ነበር የሚማሩት፣ ስለዚህ ማክሰኞና ረቡዕ ለእኛ እንደ ቅዳሜ ነበሩ። ፌብሩዋሪ ላይ ካለው የአሜሪካ በዓል፣ ከፕሬዚዳንቶች ቀን ረጅም ዊኬንድ መሸሻችንም ትልቅ ነገር ነው። ዋጋውም ሕዝቡም በዚያ ቅዳሜና እሑድ ጣሪያ ይነካል።

በነገራችን ላይ ኮሎራዶ ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተመዘገበው እዚያው ብሬከንሪጅ ያለችበት ሰሚት ካውንቲ ውስጥ ነው፤ ማርች 5 ቀን 2020፣ ለበረዶ ሸርተቴ ከሌላ ስቴት የመጣ ሰው ላይ። በአሥረኛው ቀን የኮሎራዶ የያኔው ገዥ ጃሬድ ፖሊስ («ፖሊስ» ስማቸው ነው) የበረዶ ሸርተቴ ቦታዎችን በሙሉ አዘጉ። ይህን ለባለቤቴ ብነግረው ጉዞውን እንደሚሰርዝ አውቅ ስለነበር የነገርኩት ከተመለስን በኋላ ነው።

ወደ ክፍሉ ልግባ፤ ዋናው ነገር እሱ ነው። ሆቴል ስትመርጡ ኮከቡን ትታችሁ በሩን ቁጠሩ። ስዊት የሚባለው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ትልቅ ክፍል ሆኖ ሶፋውና አልጋው በግማሽ ግድግዳ የተለዩበት ነው። ፎቶው ያምራል፣ አየሩ ግን አንድ ነው፤ አንዱ ካሳለ ሁሉም ይተነፍሰዋል። ሌላው በር የሚዘጋባቸው መኝታ ቤቶችና ለየብቻው መታጠቢያ ያለው ነው። ድረ ገጹ ላይ ሁለቱም ስማቸው ስዊት ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የክፍሉን ፕላን በኢሜይል ላኩልኝ በሉ፤ ይልካሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ መስኮቱ ይከፈታል ወይ የሚለው ነው። ቦታ የሚያስይዘው ስልክ የሚያነሡት ሰዎች ብዙ ጊዜ ሌላ ከተማ ተቀምጠው ኮምፒዩተር የሚያዩ ናቸው፤ ሕንፃውን አያውቁትም። እኔ ማታ አራት ሰዓት ገደማ በቀጥታ ሆቴሉ ሪሴፕሽን ደወልኩ። በዚያ ሰዓት ሥራ የለም። ያነሣው ልጅ «እርግጠኛ አይደለሁም፣ ቆይ ሄጄ ልየው» ብሎ ስልኩን አስቀምጦ ሄደ። የእግሩን ድምፅ፣ የበር ቁልፍ ሲከፈት እየሰማሁ ጠበቅሁ። ተመልሶ «የመኝታ ቤቶቹ መስኮት አንድ ስንዝር ብቻ ነው የሚከፈተው፣ የሳሎኑ የመስታወት በር ግን ሙሉ ለሙሉ ይከፈታል፣ ወደ ውጭ ያስወጣል» አለኝ። ለኔ ከዚህ የሚበልጥ መረጃ አልነበረም። ማሞቂያውንም ጠየቅሁት፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ሙቀት ማስተካከያ (ቴርሞስታት) አለው፣ አየር ከሌላ እንግዳ ክፍል ጋር አይጋራም አለኝ። አንዳንድ ቦታ ኮሪደሩ አየር እየነፋ በበሩ ሥር ወደ ክፍል የሚያስገባ አሠራር አለ፤ እንደዚያ ከሆነ እርጥብ ፎጣ በበሩ ሥር ማድረግ ነው፣ ያው ሌላ መላ የለውም።

የመረጥነው ምድር ላይ ያለውን፣ ፊቱ ወደ መኪና ማቆሚያ የሆነውን ስዊት ነው። ተራራ የሚያየው ፎቅ ላይ ያለው በጣም ይወደዳል፣ ሊፍትም ይፈልጋል። እኛ ከመኪናችን ወርደን፣ በረንዳውን አልፈን፣ በመስታወቱ በር ሳሎን ገባን። ሎቢውን ባለቤቴ አንዴ ቁልፍ ለመቀበል ረገጠው፣ በቃ። ተራራውን ለማየት ከበረንዳው ወጥቶ አንገት ማዞር ነው።

ልክ እንደገባን እማማንና ሕፃኑን መኪና ውስጥ ማሞቂያ ከፍተን አስቀምጠን ያሉትን መስኮቶችና በር በሙሉ ለግማሽ ሰዓት ከፈትን። ሁለቱንም የመታጠቢያ ቤት አየር መሳቢያዎች አበራንና እስክንወጣ ድረስ አልጠፉም። እኔ ደግሞ ሪሞቱን፣ መብራት ማብሪያውን፣ የፍሪጁን እጀታ በአልኮል ስጠርግ ቆየሁ። ያ ሁሉ መጥረግ ያን ያህል አስፈላጊ እንዳልነበር የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ኤፕሪል 2021 ላይ ተናገረ፤ በዕቃ ንክኪ የመያዝ ዕድል ዝቅተኛ ነው አለ። ዛሬ ቢሆን ያን ጊዜ ለመስኮቱ ነው የምሰጠው።

የባለቤቴ እህት የምትሠራው ግሮሰሪ ውስጥ ነው፣ ክትባት ገና አልደረሳትም ነበር። ሁለታችንም ቤተሰቦች ስቴቱ በነፃ በሚመረምርበት ቦታ ተመርምረን፣ ውጤቱ እስኪመጣ ከቤት ላለመውጣት ተስማምተን ነበር፤ እሷም ከሥራ ፈቃድ ወሰደች። እንደዚያም ሆኖ የራሱ መታጠቢያ ያለውን፣ ከእማማ የራቀውን መኝታ ቤት ሰጠናት። እማማና ትልቋ ልጄ በሌላው፣ እኔና ባለቤቴ ከትንንሾቹ ጋር ሳሎን ሶፋ አልጋው ላይ። «እኔን እንደ ለምጻም አገለላችሁኝ» እያለች ስትስቅብን ነበር፤ ሐሳቡ ግን ከእሷ ነው የመጣው። አብረን ምሳ ስንበላ ጠረጴዛውን ወደ መስታወቱ በር አስጠግተን፣ በሩን ገርበብ አድርገን፣ ጃኬት ለብሰን ነበር። ከውጭ ያየን ሰው እንግዳ ሳይሆን ዘበኛ ነው የምንመስለው።

ስለ መንገዱ ብዙ አልልም። ከአውሮራ አይ-70 በሚባለው አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ ትራፊክ ከሌለ። ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው መንገድ የጎማ ሕግ አለ፤ የጎማችሁ ጥርስ ጥልቀት ከአንድ ኢንች 3/16 ማነስ የለበትም፣ ጎማውም ለበረዶ ወይም ለጭቃና በረዶ የተሠራ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ያው የጥርስ ጥልቀት ያለው፣ አራቱም ጎማ የሚስብ መኪና ወይም ሰንሰለት መያዝ ነው። መንገድ ዘግታችሁ ከተገኛችሁ ቅጣቱ ከባድ ነው። ሕፃን ካለ ዳይፐር፣ ውሃና ብርድ ልብስ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥታችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉ፤ በረዶ ሲጥል እዚያ መንገድ ላይ ሰዓታት መቆም አለ፣ ሽንት ቤት ደግሞ የለም።

አሁን ከፍታው። ያን ጊዜ ያስጨነቀን ኮሮና ሳይሆን ኮሮና የሚመስለው ነገር ነው።

ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ነው። መንገዱ በአይዘንሃወር ዋሻ ሲያልፍ 3,400 ሜትር ይደርሳል፤ ከእንጦጦ አናት ይበልጣል ማለት ነው። ብሬከንሪጅ ራሱ 2,926 ሜትር ነው። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሰባ በመቶ አካባቢ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ከ2,500 ሜትር በላይ ብዙ ሰው በደረሰ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ውስጥ ራስ ምታት፣ ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ እንቅልፍ መቆራረጥ ይሰማዋል። ይህን ዝርዝር በ2021 ለማንም ብታነቡለት «ኮሮና ነው» ይላል።

እንደተጠበቀው የመጀመሪያው ሌሊት ትልቋ ልጄ ራሴን አለች። ጠዋት ወንዱ ልጄ ቁርሱን መለሰው። ባለቤቴ ፊቱ ተለዋውጦ ወዲያው ሻንጣ ማሰር ጀመረ። የባለቤቴ እህት በሯን ዘግታ ከውስጥ በስልክ ነው የምታወራን፣ እኛው ሳሎን እያለን። እማማ ብቻ በረንዳው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። «ይኼማ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው! የልጆቹን ሳንባ ቆላ አሳድጋችሁት ነው» አሉ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ነውና አልተሳሳቱም። ዓመት ሙሉ አውሮራ ተቀምጠው ሰውነታቸው ከፍታውን ረስቶት ይሆናል ብዬ የፈራሁት እኔ ነኝ።

ኦክሲሜትር ይዤ ነበር፤ ያቺ ጣት ላይ ቆንጥጣ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በመቶኛ የምትለካ መሣሪያ ማለቴ ነው። ቤት ሳለን የሁሉንም ለክቼ ወረቀት ላይ ጽፌያለሁ። ይህን ካልሰማችሁኝ ሌላውን ባትሰሙኝም ግድ የለም፦ ከመውጣታችሁ በፊት ቤታችሁ ለኩ። የሰውየው የተለመደ ቁጥር ካልታወቀ ተራራ ላይ የሚታየው ቁጥር ምንም አይነግራችሁም። እማማ ቤት 96 ነበሩ፤ እዚያ 91 አሳየ። ዴንቨር ሆስፒታል ውስጥ 91 ሲሆን ሰው ይሯሯጣል፣ በዚያ ከፍታ ግን ጤነኛ ሰው ላይ የሚታይ ቁጥር ነው። ባለቤቴ ቁጥሩን አይቶ ቁልፉን ሲያነሣ «ተቀመጥ፣ የራስህን ለካ» አልኩት። እሱ 90 ሆኖ አገኘው፤ እናቱ በለጡት።

ቁጥሩን ደግሞ ጭፍን ብላችሁ አትመኑት። በዚያው ወር፣ ፌብሩዋሪ 2021፣ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ኤፍዲኤ፣ ስለዚህ መሣሪያ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር፤ ቆዳው ጠቆር ባለ ሰው ላይ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል የሚል። እኛን ይመለከታል። ቀዝቃዛ ጣትና የጥፍር ቀለምም ያሳስቱታል። የእማማ ጥፍር ሂና ነበረበት፣ እጃቸውም ከበረንዳ እንደገቡ በረዶ ነው፤ መጀመሪያ 84 ብሎ ልቤን አቆመው። እጃቸውን በሻይ ስኒ አሙቀን፣ ሂና ባልነካው የመሀል ጣታቸው፣ ቁጥሩ እስኪረጋ አንድ ደቂቃ ጠብቀን ነው 91 ያገኘነው። አንድ ጊዜ ለክቶ መደንገጥም፣ አንድ ጊዜ ለክቶ መረጋጋትም ልክ አይደለም። ጠዋትና ማታ፣ ተቀምጦ፣ በዚያው ጣት።

ከቁጥሩ ይልቅ ሰውየውን እዩ። ሽታና ጣዕም መጥፋት ከፍታ አያመጣውም። ጠንከር ያለ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመምም የተለመዱ የከፍታ ምልክቶች አይደሉም፤ እነሱ ካሉ ምርመራ ነው። ልጆቹ ትኩሳት አልነበራቸውም፣ ሽንኩርት አሽትተናቸው ፊታቸውን አጨፈገጉ። ውሃ እያጠጣን፣ ቀኑን ሙሉ ካርቱን ፊት አስተኝተን አሳለፍነው፤ በማግስቱ በረዶ ላይ ነበሩ። ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ እየባሰ የሚሄድ ሳል ያለው፣ ከንፈሩ የሚጠቁር፣ የሚንገዳገድ ወይም የሚዘባርቅ ሰው ግን ካያችሁ እስከ ነገ አይባልም። ለድንገተኛ እርዳታ 911 መደወል ነው፤ ለከፍታ በሽታ ዋናው መድኃኒትም ወደ ታች መውረድ ነው። ልብ ወይም ሳንባ በሽታ ያለበትን ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳትጠይቁ ይዛችሁ አትውጡ። እኛ የእማማን ሐኪም ጠይቀን ነው የሄድነው፤ የስኳር መለኪያውም ብርድ እንዳይነካው ነገሩን፣ ሲቀዘቅዝ ስለሚሳሳት። ከብብታቸው ሥር ነው ያሳደሩት።

ሌላው የአየሩ ድርቀት ነው። በበረዶው ወራት፣ በዚያ ከፍታ፣ ማሞቂያ ሲጨመርበት አፍንጫ ይደማል። ሪሴፕሽን ሂውሚዲፋየር፣ አየር የሚያረጥበው መሣሪያ፣ አላችሁ ወይ ብሎ መጠየቅ ነው፤ ብዙዎቹ የተራራ ሆቴሎች አላቸው፣ ሳይጠየቁ ግን አያመጡም። ለሕፃኑ የአፍንጫ የጨው ውሃ ያዙ።

ምግቡን ለራሳችን እንድናበስል ያደረገን ኮሮናው ብቻ አልነበረም። የሆቴሉ ሬስቶራንት በግማሽ ነው የሚሠራው፤ የዋጋው ማጣፈጫ ሆኖ ድረ ገጹ ላይ የተለጠፈው የቁርስ ቡፌም በወረቀት ከረጢት የሚንጠለጠል ቤግል የሚባል ዳቦና ፖም ሆኖ ነበር። ኩሽና ያለው ስዊት መያዛችን እዚህ ላይ ካሰን። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ እዚያ ከፍታ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው። ምስሩ ይንተከተካል እንጂ አይበስልም። እማማ ይህንን ሳይነገራቸው ያውቁታል፤ «ደጋ ላይ ጥራጥሬ ትዕግሥት ነው» ብለው ማታ ዘፍዝፈው አደሩ። እናንተ ግን ወጡን ቤታችሁ ሠርታችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ፣ በኩለር ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላችኋል። እንጀራው በሰዓታት ውስጥ ነው የሚደርቀው፤ በፕላስቲክ ጠቅልሎ፣ እላዩ ላይ እርጥብ ፎጣ። አንድ እንጀራ ጠረጴዛ ላይ ረስተን ሌሊቱን እንደ ብስኩት ሆኖ አደረ፤ ልጆቹ በሽሮ እየነከሩ ጨረሱት፣ እማማም ለመንገድ የሚሆን ድርቆሽ ይሠራ ነበር ብለው አዘኑ።

ቡናውስ? ያለ ቡና እማማን ተራራ ማውጣት አይታሰብም። ሆቴል ውስጥ ግን ከሰልና እጣን አትሞክሩ። የጭስ መቆጣጠሪያው ከጮኸ የእሳት አደጋ መኪና ይመጣል፣ ያ ሁሉ እንግዳ በበረዶ ውጭ ይወጣል፣ ማጽጃ እየተባለም ብዙ ገንዘብ ይቆረጣል። ቤት ቆልተን፣ ሳንፈጭ በጠርሙስ አሽገን ነው የወሰድነው። እማማ ግን ያለ መቁላቱ ሽታ ምን ቡና አለ ብለው ስላኮረፉ፣ ባለቤቴ ከመኪናው ትንሿን የጋዝ ምድጃ አውጥቶ፣ ከሕንፃው ራቅ ብሎ፣ ሽርሽር ጠረጴዛ ያለበት ቦታ በረዶ ጠርጎ አንድ እፍኝ ጥሬ ቡና ቆላላቸው። በረንዳ ላይ እንዳይሞከር፤ ብዙ ሆቴሎች ይከለክላሉ፣ እኛም አስቀድመን ጠይቀን ነው። ጃንጥላ የያዘች ፈረንጅ ውሻዋን አቁማ «ምን ይሸታል?» አለች፤ ሽታው ማስኳን አልፎ መግባቱ እኔንም አስደሰተኝ። ጀበናው የኩሽናው የመስታወት ምድጃ ላይ ይሠራል፣ ረጅም ጊዜ ይፈጃል እንጂ። ምድጃው ኢንዳክሽን፣ ማለትም በማግኔት የሚያሞቅ፣ ከሆነ የሸክላ ጀበና ጨርሶ አይሞቅም፤ ይህንንም በስልክ ጠይቁ።

ልጆቹ ጠዋት ጠዋት ትምህርት አላቸው። ሁለት ዙም ባንድ ጊዜ ሲከፈት የሆቴሉ ዋይፋይ ተንቀራፈፈ፣ ስለዚህ አንዱን በስልኬ ኢንተርኔት አስገባሁት። ከምሳ በኋላ ካርተር ፓርክ የሚባል የከተማው መናፈሻ አለ፤ ገደል የመሰለ ቁልቁለት ነው፣ ስሌድ፣ ማለትም ተቀምጠው በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበትን፣ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ በነፃ። ስኪውን አልሞከርነውም። ያን ዓመት ትኬት ብቻ ሳይሆን ቀኑንም አስቀድሞ ማስያዝ ግድ ነበር፣ የልጆች የስኪ ትምህርቱም ውድ ነበር። በቁልቁለቱ የተሳቁት ሳቅ ለእኛ በቂ ነበር። እማማ መኪና ውስጥ ሆነው መስኮት ዝቅ አድርገው «ያ ልጅ አንገቱን ይሰብራል» እያሉ ይጮኹ ነበር፤ ወሬያቸው ተመለሰ ማለት ነው። ዋናው መንገድ፣ ሜይን ስትሪት ላይ፣ ውጭ ሆኖም ማስክ ግዴታ ነበር፤ ብርድ ስለሆነ አፍንጫ ስለሚያሞቅ ማንም አላማረረም። የሆቴሉ መዋኛ በሰዓት ተራ ይዞ አንድ ቤተሰብ ብቻ የሚገባበት ነበር። የምሽቱን የመጨረሻ ተራ ያዙ ቢባል አትያዙ፤ ቀን ሙሉ ሰው የተነፈሰበት የታፈነ ቤት ነው። የጠዋቱን የመጀመሪያ ያዙ።

ገንዘቡን ልጨርስ፤ የሆቴሉን ስም አልጠራም። ያኔ ከክፍሉ ዋጋ ሌላ በቀን ሪዞርት ፊ የሚባል ነገር ይጨመር ነበር፣ አርባ ዶላር ገደማ። ለመዋኛው፣ ለስፓው፣ ለቁርሱ፣ ለሎቢው ትኩስ ቸኮሌት ነው ይላሉ። ስፓው ተዘግቷል፣ ቸኮሌቱ ተነሥቷል፣ ቁርሱ ከረጢት ሆኗል፤ ክፍያው ግን እንዳለ ነው። ስንወጣ የሪሴፕሽኗ ልጅ «ሲስተሙ ራሱ ነው የሚጨምረው» አለችን። ከእሷ ጋር መጣላት ጥቅም የለውም፣ ሥልጣንም የላትም። ቤት ገብቼ ለማናጀሩ ኢሜይል ጻፍኩ፤ ቦታ ሳስይዝ ድረ ገጹ ምን ይል እንደነበር ፎቶ አንሥቼ አስቀምጬ ስለነበር አያያዝኩት። ስድብ የለበትም፣ ረጅምም አይደለም፦ ይህ ይሰጣል ተብሎ ነበር፣ ይህ አልተሰጠም፣ ይህን ያህል ይመለስልኝ። ከሳምንት በኋላ ከሪዞርት ፊው ግማሽ የሚበልጠውን ካርዴ ላይ መለሱት። ስለዚህ ቦታ በያዛችሁ ቀን ገጹን ፎቶ አንሡ። የስረዛውን ቀንና ሰዓትም አብራችሁ፤ ሰው ቢታመም ያለ ቅጣት የምትሰርዙበት ቀን እስከ መቼ እንደሆነ በጽሑፍ ይኑራችሁ።

ለምታጸዳው ሴት ጥሬ ገንዘብ ትራስ ላይ ተዉላት፣ ካርድ ላይ የሚጨመረው እሷ ጋ አይደርስ ይሆናል። በቆይታችን ማንም እንዳይገባብን ስላልን ቆሻሻው ሁሉ የሚጠብቃት እኛ ስንወጣ ነው። ፎጣውን ለይተን አሰርንላት፣ ቆሻሻውን ራሳችን አውጥተን ጣልን፣ መስኮቱንም ከመውጣታችን በፊት ከፈትንላት፤ የእኛ ትንፋሽ ደግሞ ለእሷ አደጋ ነው።

የመኪና ማቆሚያውን ሂሳብ ግን እስከ ዛሬ አልመለሱልንም።